ሜጋ ከመጨመራችሁ በፊት፦ ፋይበር፣ የመዳብ መስመር፣ 4ጂ ወይስ ሳተላይት?

ባለፈው ክረምት እህቴ ከአንድ የአውሮፓ ድርጅት ጋር በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ቀኑ ሲቃረብ "ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ነው" ብለን ከ10 ሜጋ ወደ 25 ሜጋ አሳደግን። ወርሃዊ ክፍያው ጨመረ፤ እኛም ተረጋጋን።

ቃለ መጠይቁ ተጀምሮ 10 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ነገሩ ተበላሸ። ጠያቂዋ ትናገራለች፤ እህቴ ጥያቄው ያለቀ መስሏት መመለስ ትጀምራለች። ሁለቱም እኩል ያወራሉ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። "ይሰማል? አሁንስ ይሰማል?" ሲባባሉ ግማሹ ሰዓት አለቀ። እኔ ራውተሩ አጠገብ ቆሜ መብራቶቹን አያለሁ፤ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ስናጣራ ሳሎን የተቀመጠው የወንድሜ ስልክ የሰርግ ቪዲዮዎችን ወደ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ፣ እየጫነ ነበር። ስልኩን ከዋይፋይ ስናወጣው ወዲያው ተስተካከለ። ጊዜው ግን አልቆ ነበር።

እህቴ ሥራውን አላገኘችም። ምክንያቱ ኢንተርኔቱ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። የጎደለን ሜጋ አልነበረም። መስመራችን ይዘገይ ነበር፤ እኛ ግን ገንዘባችንን ያፈሰስነው ሜጋ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው።

ስፋትና መዘግየት ለየብቻ ናቸው

ባንድዊድዝ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመስመሩ ምን ያህል ዳታ ያልፋል የሚለው ነው። "25 ሜጋ" ስንል ይህንን ነው። ሌተንሲ ደግሞ አንድ ትንሽ መልእክት ሄዶ፣ መልስ ይዞ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የሚለካው በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ጌም የሚጫወቱ ልጆች "ፒንግ" የሚሉት እሱን ነው።

ከአድአ ጤፍ የሚያመጣ አይሱዙን አስቡት። ብዙ ኩንታል በአንዴ ይጭናል። እናንተ የምትጠብቁት ግን ቢሮ የረሳችሁትን የቤት ቁልፍ ከሆነ፣ የመኪናው ትልቅነት ምን ያደርግላችኋል? የሚያስፈልጋችሁ ቶሎ የሚደርስ ሞተረኛ ነው። ፊልም ማውረድ የአይሱዙ ሥራ ነው። የቪዲዮ ስብሰባ፣ ጌም፣ የባንክ አፕ፣ ድረ ገጽ መክፈት የሞተረኛው ሥራ ነው።

አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ መጀመሪያ አድራሻው ይጠየቃል፣ ከዚያ ግንኙነት ይመሠረታል፣ ከዚያ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፣ በመጨረሻ ገጹ ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ያህል ምልልስ ነው። እያንዳንዱ 20 ሚሊሰከንድ ከፈጀ አራቱ ተደምረው 80 ናቸው፤ አይታወቃችሁም። እያንዳንዱ 600 ከፈጀ ግን ገና አንድ ፊደል ሳይታይ 2.4 ሰከንድ አለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መስመሩ 10 ሜጋ ይሁን 100 ለውጥ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጉግል ኢንጂነር የነበረው ማይክ ቤልሺ ይህንን ለክቶ አሳይቷል። መስመሩ ከ1 ወደ 2 ሜጋ ሲያድግ ገጽ የሚከፈትበት ጊዜ በእጅጉ ቀነሰ። ከ5 ወደ 10 ሲያድግ ግን የቀነሰው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሌተንሲ በቀነሰ ቁጥር ግን ገጹም በዚያው ልክ ይፈጥን ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። ሌተንሲ ሲበዛ ባንድዊድዙንም ይበላዋል። ፋይል የሚልከው ኮምፒውተር የተወሰነ ዳታ ይልክና "ደርሶኛል" የሚል መልስ ይጠብቃል። ሳይጠብቅ መላክ የሚችለው 64 ኪሎባይት ብቻ ከሆነና ምልልሱ 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ በሰከንድ ከ2.6 ሜጋ በላይ መላክ አይችልም። 100 ሜጋ ብትገዙም ያው ነው። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይህንን መጠን ራሳቸው ያሳድጋሉ። በቆዩ መሣሪያዎችና በአንዳንድ ቪፒኤኖች ላይ ግን ዛሬም ያጋጥማል።

ርቀትን ማንም አይቀንስላችሁም

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ለደርሶ መልስ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ሲለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ከ53 በታች አይወርድም ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ግን አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዳታችን በየብስ ወደ ጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ይወጣል፣ ከዚያ ነው የባሕር ኬብሉን የሚይዘው። የምታዩት ቁጥር የዚያ እጥፍ ቢሆን አይግረማችሁ። ዋሽንግተን ካለች አክስታችሁ ጋር ስታወሩ ደግሞ ከ200 በላይ ማየት የተለመደ ነው።

መንገዱ ሲቀየርም ሌተንሲው ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ ማይክሮሶፍት የክላውድ ደንበኞቹን "መዘግየት ሊያጋጥማችሁ ይችላል" ብሎ አስጠንቅቋል። ዳታው በሌላ፣ በረዘመ መንገድ ዞሮ ይደርስ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ቤታችሁ ያለውን ራውተር አጥፍታችሁ ብታበሩት ምንም አይለወጥም።

በምን እንመዝናቸው?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ። ሻጭ የሚነግራችሁ አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም የዳውንሎድ ሜጋ።

የመጀመሪያው ሌተንሲ ነው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆንም፣ ሲጨናነቅም። ሁለተኛው የሌተንሲው መዋዠቅ ነው፤ ጂተር ይባላል። ሁልጊዜ 120 የሆነ መስመር አንዴ 40 አንዴ 400 ከሚል መስመር ለስብሰባ ይሻላል። ሦስተኛው አፕሎድ ነው። እናንተ ስትታዩና ስትሰሙ የሚሠራው አፕሎዱ ስለሆነ ለብቻው ጠይቁ። አራተኛው ዳውንሎድ ነው። እዚህ ላይ ቢትና ባይት እንዳያምታታችሁ፦ 10 ሜጋ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። 1 ጊጋባይት ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አምስተኛው መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ስድስተኛው አከፋፈሉ ነው፤ ያልተገደበ ወርሃዊ ነው ወይስ በጊጋ የሚያልቅ?

የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው ባንድዊድዝ ከ0.1 ሜጋ አይበልጥም። ነገር ግን ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከዘገየ ወሬው መደናቀፍ ይጀምራል፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለጥሩ ጥሪ ያስቀመጠው መጠን ይኸው ነው። የቪዲዮ ጥሪ ከ1 እስከ 4 ሜጋ ይበቃዋል። ጥርት ያለ ኤችዲ ፊልም 5 ሜጋ፣ 4ኬ ደግሞ 15 ሜጋና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፊልም ቀድሞ ስለሚያከማች መዘግየቱ ብዙም አይጎዳውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን ፈትሹ

10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙ ብር ሊያድን ይችላል። ላፕቶፓችሁን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ሌላ ሰው ሁሉ ከዋይፋይ ይውጣ። ወደ 8.8.8.8 (የጉግል አድራሻ ነው) ፒንግ አድርጉና ሳይቋረጥ ይሂድ፤ በስልክም የሚሠሩ ነጻ የፒንግ አፖች አሉ። ቁጥሩን ጻፉት። እንበል 45 ነው።

አሁን ፒንጉ ሳይቆም ከሌላ ስልክ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ጀምሩ። ቁጥሩን እዩት። 60 ወይም 80 ከሆነ መስመራችሁ ጤነኛ ነው። ወደ 800፣ ወደ 1,500 ከዘለለ የእኛ ቤት በሽታ እናንተም ጋ አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ራውተሩ መላክ ከሚችለው በላይ ዳታ ሲመጣበት አይመልሰውም፤ ወረፋ ያሲዘዋል። አፕሎዳችሁ 1 ሜጋ ከሆነና ወረፋው 256 ኪሎባይት የሚይዝ ከሆነ፣ የመጨረሻው የገባ ዳታ ተራው እስኪደርስ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። የእህቴ ድምፅም ከሰርጉ ቪዲዮ ኋላ ተሰልፎ ነበር። የገዛነው ጥቅል ዳውንሎዱን እንጂ አፕሎዱን እምብዛም ስላላሳደገው ወረፋው አልቀነሰም።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ውስጥ አለ። በቅንብሩ ውስጥ "ኪውኦኤስ" (QoS) ወይም "ኤስኪውኤም" (SQM) የሚል፣ ወረፋውን የሚያስተካክል ምርጫ ካለ አብሩት። ፍጥነቱን ከለካችሁት ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ ገድቡት። ጥቂት ሜጋ ታጣላችሁ፤ በምትኩ ወረፋው ይጠፋል። እኛ ቤት ይህ ነው የሠራው፤ አንድ ብር አላወጣንበትም።

ፈተናውን ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ አንዴ በማለዳ፣ አንዴ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት። ማታ ላይ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ እየተሻማ ነው።

ፋይበር

ሰፈራችሁ ከደረሰ ብዙ አታስቡ። ከቤት እስከ አገልግሎት ሰጪው ያለው ምልልስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። የሌተንሲው መዋዠቅ ትንሽ ነው፣ ዝናብም አይረብሸውም። አፕሎዱም ከሌሎቹ ይሻላል። ቤት ለቤት የሚዘረጋው ፋይበር አንዱን መስመር ለብዙ ቤት የሚያካፍል ቢሆንም አጠቃላይ አቅሙ በዳውንሎድ 2.5 ጊጋ፣ በአፕሎድ 1.25 ጊጋ ገደማ ስለሆነ መጨናነቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ድክመቱ መቆረጥ ነው። መንገድ በተቆፈረ ቁጥር አብሮ ይበጠሳል። ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ራውተሩን በመነካካት አትድከሙ፤ ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፣ በቀጥታ ለጥገና ደውሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳጥኗም ራውተሩም ይጠፋሉ። ሁለቱ አብረው የሚወስዱት ከ10 እስከ 20 ዋት ስለሆነ ለራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤሶች ለሰዓታት ይይዟቸዋል። የቮልቱ ቁጥር ከመሣሪያችሁ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ከጥቅሉ ላይ 10 ሜጋ ቀንሳችሁ ዩፒኤሱን ብትገዙ የተሻለ ኢንተርኔት ይኖራችኋል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

የመዳብ መስመር

በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው ነው። ዳውንሎዱ በጥሩ ሁኔታ እስከ 24 ሜጋ ይደርሳል፤ አፕሎዱ ግን ከ1 ሜጋ ብዙ አይርቅም። ከጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ይወርዳል። ሽቦው ካረጀ በዝናብ ይንቀራፈፋል። ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ የወረፋውን መድኃኒት ከማንም በላይ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ። አዲስ የምትገቡ ከሆነ ግን አልመክርም።

4ጂ እና 5ጂ

ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ሻጩ ጋ ፈጣን ነው፣ ቤት ሲመጣ ሌላ ነው። ምክንያቱም የምትገዙት መስመር የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ከአንቴናው ሥር ካለው ሰው ሁሉ ጋር ትካፈሉታላችሁ። አራቱም ዘንግ ሙሉ ሆኖ ገጽ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ዘንጉ የሚነግራችሁ አንቴናው ምን ያህል እንደሚሰማችሁ ነው፤ ስንት ሰው እንደተሰለፈ አይነግራችሁም።

4ጂ ባልተጨናነቀ ሰዓት ከ30 እስከ 70 ሚሊሰከንድ፣ 5ጂ ከ10 እስከ 30 ይሰጣል። ስልኩ ወደ 3ጂ ከወረደ 100 እና ከዚያ በላይ ነው። ራውተሩን ከቲቪው ኋላ አትደብቁት፤ መስኮት አጠገብ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እያንዳንዱን መስኮት ሞክራችሁ ፒንግ ለኩ። በአንድ ቤት ውስጥ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መስኮት ማዛወር ብቻውን ሰፊ ለውጥ ሲያመጣ አይቻለሁ።

አሁን በኢትዮጵያ ሁለት የሞባይል ኦፕሬተሮች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ በፌስቡክ አትጠይቁ። መልሱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። የሁለቱንም ሲም በትንሽ ጥቅል ገዝታችሁ እቤታችሁ ውስጥ፣ ማታ ላይ፣ ለሦስት ቀን ለኩት። ራውተር የምትገዙት ከዚያ በኋላ ነው።

ሳተላይት

ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የድሮው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ዳታው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም እንደገና ወጥቶ ይወርዳል። ከፊዚክሱ ብቻ ወደ 480 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ በተግባር 600 ገደማ ነው። ኢሜይል ይሠራል። ፋይል ቀስ ብሎ ይሄዳል። የስልክ ወሬ ግን "ቀጥል" "አይ አንተ ቀጥል" ይሆናል። ሌላ ምንም ከሌለ ብቻ።

አዲሱ ዓይነት፣ ስታርሊንክን የመሰለው፣ ዝቅ ብሎ፣ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራል። ሌተንሲው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 60 ነው። ዳውንሎዱ ከ50 እስከ 200 ሜጋ፣ አፕሎዱ ከ10 እስከ 20 ገደማ። ለገጠር እውነተኛ ለውጥ ነው። ኬንያ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ይሸጣል። ከዚያ ዲሽ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አጣሩ፤ ዕቃው በጉምሩክ ቢያዝ ከስሮ መቅረት ነው። ሌላው መብራት ነው። ዲሹ ከ50 እስከ 100 ዋት ስለሚፈልግ የራውተር ዩፒኤስ አይችለውም፤ ሶላርና ትልቅ ባትሪ አብራችሁ አስቡ። ሰማዩም ክፍት መሆን አለበት፤ ባሕር ዛፍ ሥር አይሠራም።

በአንድ ላይ ሲታዩ

ሌተንሲው እስከ አገልግሎት ሰጪው ድረስ ያለው ነው፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም አገልግሎቱ ያለበት ኮምፒውተር፣ ውጭ አገር ከሆነ የባሕሩን ርቀት ጨምሩበት።

| አማራጭ | ሌተንሲ በሚሊሰከንድ | መዋዠቅ | አፕሎድ | መብራት ሲጠፋ |
|---|---|---|---|---|
| ፋይበር | 1–10 | ትንሽ | ጥሩ | ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል |
| የመዳብ መስመር | 10–50 | መካከለኛ | ደካማ | ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል |
| 4ጂ | 30–70 | ማታ ብዙ | መካከለኛ | ባትሪ ያለው ራውተር አለ |
| 5ጂ | 10–30 | መካከለኛ | ጥሩ | ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል |
| ዝቅተኛ ሳተላይት | 25–60 | መካከለኛ | መካከለኛ | ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል |
| የድሮ ሳተላይት | 600 ገደማ | መካከለኛ | ደካማ | ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል |

ለእናንተ የቱ?

ከቤት ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት የምትሠሩ፦ ዝቅተኛውን የፋይበር ጥቅል ያዙ፣ 10 ሜጋ ይበቃል። የተረፈውን ብር በዩፒኤስና በመጠባበቂያ የሞባይል ጥቅል ላይ አውሉት። ለስብሰባ ዋይፋይ ትታችሁ ኬብል ሰኩ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል የቤቱን ስልኮች ፎቶ ከመጫን አስቁሙ።

ልጆች ያሉበት፣ ሦስት አራት ስክሪን አንዴ የሚበራበት ቤት፦ እዚህ ላይ ሜጋ መጨመር ትርጉም አለው። 25 ወይም 50 ፋይበር፣ ከላይ ካልኩት የወረፋ ቅንብር ጋር።

ጌም የሚጫወት ልጅ ካላችሁ ጌሙ የሚፈልገው ከ1 ሜጋ በታች ነው። "ሜጋ ጨምሩልኝ" ሲላችሁ መጀመሪያ ኬብል ግዙለት፤ ከዚያ ጌሙ ውስጥ ቅርብ ያለውን ሰርቨር ይምረጥ።

ተማሪና ብቻውን የሚኖር ሰው፣ በተለይ ቤት የሚቀያይር፦ ለሰፈሩ የተሻለውን ሲም መርጦ ስልኩን ሆትስፖት ማድረግ ይበቃዋል። ትልልቅ ፋይሎችን በማለዳ ያውርድ።

ከከተማ ርቆ የሚሠራ ክሊኒክ፣ እርሻ ወይም ትምህርት ቤት፦ መጀመሪያ የ4ጂ ራውተር ከውጭ አንቴና ጋር ሞክሩ፤ ጣሪያ ላይ የወጣ አንቴና ቤት ውስጥ የማይታይ ሲግናል ሊያገኝ ይችላል። ካልሆነ፣ ፈቃዱ እስካለ ድረስ ዝቅተኛው ሳተላይት።

ቅርንጫፍ ያላቸው ቢሮዎች ከሁሉም በፊት ሰርቨራቸው የት እንደተቀመጠ ይጠይቁ። አንድ የሂሳብ ሶፍትዌር ቅጽ ለመክፈት ከዳታቤዙ ጋር 200 ጊዜ ይመላለሳል እንበል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሆኖ ከሐዋሳ ቅርንጫፍ ምልልሱ 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ ቅጹ በ2 ሰከንድ ይከፈታል። ሰርቨሩ አውሮፓ ሆኖ 150 ከሆነ 30 ሰከንድ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ ደንበኛው ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ 30 ሰከንድ። መስመሩን ከ20 ወደ 100 ሜጋ ብታሳድጉት ቅጹ ያው በ30 ሰከንድ ነው የሚከፈተው። ሰርቨሩን አገር ውስጥ ማምጣት ካልተቻለ ሶፍትዌሩን የሠራውን ሰው ጥሩና 200ውን ምልልስ ወደ አምስትና ስድስት እንዲያወርደው ጠይቁት።